የጠዋቱ ሻምፒዮን

ሽመልስ ጉዱን ያየው ሰኞ ጠዋት ባጃጁን ፈረስ መጋላ አቁሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ነው። የነስሮ ካፌ በር ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ጓንት ያጠለቀ ቡጢኛ ተሥሎበታል፤ ከሥሩ በወፍራም ፊደል «ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት የሐረሩ የቡጢ ጌም ሻምፒዮን ሽመልስ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወደ ማሽኑ ይመለሳል!» ይላል። አንብቦ ጨረሰ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ደግሞ አነበበው። ያው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። ስሙ አደባባይ ላይ ሲለጠፍለት የሚከፋው ማን አለ? ሽመልስ ግን ሆዱ የሚያውቀውን ያውቃል። በዚያ ማሽን ላይ ሻምፒዮንነቱ ይቅርና የመጀመሪያውን ተጋጣሚ እንኳ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው እሱ የዐሥራ ሰባት፣ እኅቱ ልደት የዐሥራ አራት ዓመት ልጆች ሳሉ ነው። እናታቸው ወይዘሮ ሙሉነሽ ጀጎል ውስጥ ካለው ቤታቸው የፊተኛውን ክፍል ለአንድ ነጋዴ አከራዩ። ነጋዴው፣ ሰፈሩ ሁሉ «አው» እያለ የሚያከብራቸው አብዱልፈታ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል የቡጢ ጌም ማሽን በጅቡቲ በኩል አስመጥተው እዚያ አቆሙት። ማሽኑ ሁለት እጀታ አለው፤ አንዱ ለግራ ቡጢ፣ አንዱ ለቀኝ። ጄቶን፣ የጨዋታ ሳንቲም፣ ሲከቱበት ይደውላል፣ ከመስታወቱ ውስጥም ተጋጣሚ ይወጣል። የሰፈሩ ልጆች ለተጋጣሚዎቹ ስም አወጡላቸው። የመጀመሪያው ቦርጫም «ዱባ»፣ ሁለተኛው ነጭ ለባሽ «ሐኪሙ»፣ የመጨረሻው፣ ፊት ለፊት እየተንደረደረ የሚመጣው፣ «ባቡሩ» ተባለ። ባቡሩን የጣለ የሐረር ልጅ አልነበረም።

ያኔ ልጃገረድ ጌም ቤት አትገባም። ያውም የወይዘሮ ሙሉነሽ ልጅ! ግን ክፍሉን በየጠዋቱ የምትጠርገው ልደት ነበረች። እናቷ ኪዳን ለማስደረስ መድኃኔ ዓለም ሲሄዱ መጥረጊያዋን ይዛ ትገባለች፤ አው አብዱልፈታም ለድካሟ ሦስት ጄቶን ማሽኑ ላይ ያስቀምጡላታል። በዚያ ሰዓት ሽመልስ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ያንኮራፋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲገቡ ባቡሩ ተጥሎ፣ ማሽኑ አንደኛውን ቦታ ለሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ሰጥቶ አገኙት። የሽመልስ ስም መጀመሪያ ነው። ልደት የራሷን ብትጽፍ እናቷ ቆዳዋን ይገፏት ነበርና የወንድሟን ጽፋለች። ልጆቹ ይህን በምን ይወቁ? ሽመልስን ትከሻቸው ላይ አወጡት። እሱም ዝም አለ። ዝም ብቻ ቢል ደግ ነበር፤ ፈገግ አለ።

ማታ «አንቺ ነሽ?» ብሎ ሲጠይቃት «እባክህ እማዬ እንዳትሰማ» አለችው። ይህችን ቃል ሠላሳ ዓመት ተደገፋት። አው አብዱልፈታ ቀለም ቀቢ ጠርተው በማሽኑ ጎን «ሻምፒዮን ሽመልስ» ብለው በቢጫ አስጻፉ። እስቲ ተጫወት ሲሉት «እኔ የምጫወተው በጠዋት ነው፣ እጄ ሳይደክም» ይላል። ዓመት ሳይሞላ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ጌም ሐረር ገባ፤ ያው የቡጢ ጨዋታ መዳፍ በምታህል ካሴት ተሸጦ በየሳሎኑ መደባደብ ሆነ። ትልቁ ማሽን ደንበኛ አጣና ከአው አብዱልፈታ መጋዘን ገባ። ስሙ ግን መጋዘን አልገባም። ፍሬሕይወት ሚስቱ ከመሆኗ በፊት መጀመሪያ ያናገረችው «ሻምፒዮኑ አንተ ነህ?» ብላ ነው። የባጃጁም ጀርባ ላይ በቀይ «ሻምፒዮን» ተብሎ ተጽፏል። ወይዘሮ ሙሉነሽ ካረፉ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ «እማዬ እንዳትሰማ» የሚለው ሰበብም አብሯቸው መቀበር ነበረበት። ሽመልስ ግን ሰበቡን ከቀብር መልሶ ይዞት መጣ።

እንግዲህ ነስሮ የአው አብዱልፈታ ልጅ ነው። የአባቱን መጋዘን ሲያጸዳ ማሽኑን አገኘ፤ ድሬዳዋ ወስዶ አሠራው፤ ካፌው ውስጥ አቆመው። ቡና ለመሸጥ ይህን ያህል መድከም! ሽመልስ ሰኞ ዕለት የረገመው እሱን ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ መቆሚያ መቀመጫ አጣ። ማክሰኞ ልጁ ገሊላ ያንኑ ጨዋታ ስልኳ ላይ ጫነችለት። ዱባ በመጀመሪያው ዙር ዘረረው። ደገመ፣ ዱባም ደገመ። በዐሥራ አራተኛው ገሊላ ስልኳን ተቀበለችውና «አባዬ፣ ያኔ ማሽኑ ቀላል ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። ሳይመልስላት ወጣ። ረቡዕ ከከተማ ወጣ ወዳለው ሶፊ ሰዎች ጭኖ ሄደ፤ ሲመለስ ሊጭናቸው የቀጠራቸውን ሁለት ሴቶች ጫት ማሳው ዳር እንደቆሙ ረስቷቸው ባዶውን ከተማ ገባ። ታወሰውና እየበረረ ተመለሰ። ስድባቸውን ጠጥቶ አመጣቸው። ፈረስ መጋላ ላይ መቆም ግን አልቻለም። ቆም ያለ እንደሆነ ጓደኛው ዘውዴ ከራሱ ባጃጅ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ሻምፒዮን! እጅህን እያሟሟቅክ ነው?» ይለዋል። ስለዚህ ባዶ ባጃጅ ይዞ ከፈረስ መጋላ ሸዋ በር፣ ከሸዋ በር ፈረስ መጋላ ሲመላለስ ይውላል። እጁን ያነሣለትን መንገደኛ እንኳ አያይም። ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። ፍሬሕይወት «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ሙቀቱ ነው» ይላል። ብርድ ልብስ ደርበው ነው የተኙት።

ሐሙስ አላስችል ሲለው እኅቱ ዘንድ ሄደ። ልደት መኪና ግርግር ላይ ነው የምትሠራው፤ የስፌት መኪናዎች ጩኸት ስሙን ያወጣለት፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ የሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ። ሜትሯን አንገቷ ላይ አጥልቃ የሠርግ ልብስ ትቀመቅማለች። ግራኝ ናት። ልጅ ሳለች እናቷ ማዕድ ላይ ግራ እጇን በነጠላ ጫፍ እያሰሩ ሊያስተዋት ብዙ ደክመው ነበር፤ ይኸው ዛሬም ጨርቁን የምትገፋው በግራዋ ነው።

«አስተምሪኝ» አላት፣ ሳይቀመጥ።

«ምኑን?»

«አቦ፣ አታድርቂኝ! ታውቂዋለሽ።»

ልደት መኪናዋን አቆመች። ወንድሟን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ሽሜ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ባቡሩን እንዴት ጣልሽው ብለህ ጠይቀኸኛል?»

«ጠይቄሽ ሳይሆን ይቀራል...»

«አንድ ቀን።»

አልጠየቃትም።

«አሁንም አልጠየቅከኝም። አስተምሪኝ ነው ያልከው።»

«ልደትዬ፣ ቅዳሜ ከተማው ፊት ጉዴ ሊወጣ ነው እኮ!»

«እውነቱን ንገራቸው።»

«ምን ይሉኛል?»

«ምን እንደሚሉህ እኔ በምን አውቄ» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «እኔን ግን ምንም ብለውኝ አያውቁም።»

መኪናዋን መልሳ ረገጠችው። ሽመልስ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ጩኸቱ ዋጠው። ጎረቤት ያሉት ሰፊዎችም መኪናቸውን ረገጡ። ወጣ። ተናዶባታል። ምን አለበት አሁን አንዲት ነገር ብታሳየው? ጊደር መጋላ እስኪደርስ በልቡ እሷን ሲከስስ፣ ለራሱ ሲፈርድ ወረደ። በርበሬ ተራ ሲደርስ ግን ልደት ያለችው ተመልሶ መጣበት። ቁጣው ሸሸና ሐፍረት ብቻውን ቀረ። ሐፍረቱ ደግሞ ከቁጣው ይልቅ እግሩን ያስሮጠው ጀመር።

ዓርብ መላ መጣለት። ሁለት ጥቅል ፋሻ ገዝቶ ቀኝ እጁን ከጣቱ ጫፍ እስከ ክርኑ ጠቀለለው። የባጃጁ ጭስ ማውጫ አቃጠለኝ አለ። ፍሬሕይወት ልታየው ብትል «እንዳይነካ ተብሏል» ብሎ ሸሸጋት። ያን ሌሊት በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ አሸለበ። የተቃጠለ እጅ ያለውን ሰው ተጫወት የሚል ማን ጨካኝ አለ? ሻምፒዮን ተብሎ ሄዶ፣ ሻምፒዮን ተብሎ ይመለሳል።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የነስሮ ካፌ ሰው በሰው ሆኗል። የዚያን ጊዜ ልጆች፣ ዛሬ ፀጉራቸው የሸበተ፣ አንዳንዱም ራሰ በራ የሆነ፣ ወንበር አጥተው ቆመዋል። ዘውዴ ከፊት ነው፤ ገሊላም አባቷን ልታይ መጥታለች። ማሽኑ ግድግዳውን ተደግፎ ይንጫጫል፤ ጎኑ ላይ ያ ቢጫ ጽሑፍ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። አጠገቡ አው አብዱልፈታ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ልደትም መጥታለች፤ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሽመልስ ሲያያት ዓይኗን ሸሸ።

የታሸገ እጁን ከፍ አድርጎ ገባ። ቤቱ «ውይ!» አለ።

«አው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፣ ድምፁን አሳዝኖ። «ትናንት ጭስ ማውጫ አቃጠለኝ። ምን ይደረግ፣ የእግዜር ሥራ ነው።»

ነስሮ ግንባሩን ያዘ። «ወላሂ ሰውን ሁሉ ጠርቼ!»

አው አብዱልፈታ ግን ከዘራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። «የትኛው እጅህ ነው ልጄ?»

«ቀኙ ነው አው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሽማግሌው፣ ፊታቸው በርቶ። «አብሽር! ደንግጬ ነው የጠየቅኩህ። ግራህ ደህና ነዋ!»

ሽመልስ አልገባውም።

«ና ተመልከት» አሉት። በከዘራቸው የግራውን እጀታ አሳዩት። ነስሮ ድሬዳዋ ላይ የማሽኑን ዕቃ ሁሉ ሲያስቀይር ይህን ብቻ እንዳይነካ ያዘዙት እሳቸው ነበሩ። «ያን ዓመት የግራውን እጀታ ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ፣ ይኸኛው ሦስተኛው ነው። ቀኙ ዝንብ አርፎበት አያውቅም። ባቡሩን የጣለው ሰው በግራ ነው የሚመታው፤ ቀኙ መከላከያ ብቻ ነው። አንተ ይህን ታጣዋለህ?»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። «በግራው! በግራው!» አለ ዘውዴ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ሽመልስ ዓርብ ዕለት በጥድፊያ የጠቀለለው መላ ይኸው ተፈታ። ከከተማው ሁሉ ቀኝ እጁን አስሮ እዚህ ቦታ ሊመጣ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በስሙ የተጻፈውን ጨዋታ ሲጫወቱት ቆሞ ያላየ ሰው።

ነስሮ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ብትሸነፍ ምን አለበት? ሠላሳ ዓመት ሆኖታል ይሉሃል እንጂ የሚፈርድብህ የለም። ዝም ብለህ ሁለት ደቂቃ ተጫወት።»

እውነቱን ነው። መውጫው በር ይህ ነበር፣ ያውም ወለል ብሎ የተከፈተ። ሽመልስ ግራ እጁን ሰድዶ እጀታውን ያዘ። ጥቁሩ ጎማ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ተበልቶ ጎድጉዷል። ጉድጓዷ ትንሽ ናት። የእሱ አውራ ጣት አልገባ አለ፤ የገበሬ ጣት የመሰለ ወፍራም ጣት ነው ያለው። የልጅ ጣት ነው ይህን የሠራው። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ጣት፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ከነጠላ ጫፍ የሚፈታ። እሱ በግድግዳው ማዶ ተኝቶ ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ተነሥቶ ምን እየሠራች ነው ብሎ በሩን ገፋ አላደረገም። ስሙን ብቻ ወሰደ።

እጀታውን ለቀቀ።

«እኔ አይደለሁም» አለ።

«ምኑ?» አለ ነስሮ።

«ባቡሩን የጣልኩት እኔ አይደለሁም። እኔ ዱባን እንኳ ጥዬው አላውቅም። እጄም አልተቃጠለም።» ፋሻውን አሳያቸው። «በቤታችን ግራኝ አንዲት ናት። ጠዋት ጠዋት ጌም ቤቱን ስትጠርግ የነበረችው። ስሜን የጻፈችው እማዬን ፈርታ ነው። እኔ ደግሞ ማንንም ሳልፈራ ሠላሳ ዓመት በላሁበት።»

አንገቶች ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ። ዘውዴ ዝምታው ከበደውና «እና ባጃጁ ላይ ያለውን ምን ልናደርገው ነው?» አለ። ሳቅ ፈነዳ። ሽመልስ ሳቁ በፊቱ ላይ ሲያልፍ ቆሞ ተቀበለው። ያቃጥላል። ቢሆንም ጠብቆት ከነበረው ያንሳል።

ልደት አልሳቀችም። ሰው መንገድ ቢለቅላትም ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። «አሁን ነው?» አለች። ዓይኗ ቀልቷል። «አርባ አራት ዓመት ሞልቶኝ፣ መነጽር አድርጌ፣ አሁን ነው የምትናገረው?»

«አሁን ነው» አለ ሽመልስ። «ዘገየሁ። ይቅር በይኝ።»

ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና የወንድሟ አንገት ላይ ጣል አድርጋ ወደ ማሽኑ አለፈች። ግራ አውራ ጣቷ ጉድጓዷ ላይ ልክ አረፈ።

ዱባ ወጣ፤ በሁለት ቡጢ ተቀመጠ። ሐኪሙ አስቸገራት፣ አንድ ጊዜም ጣላት፤ ቤቱ በአንድ አፍ «ተነሺ!» አለ፤ ተነሣች። ከዚያ ባቡሩ መጣ። ልደት እግሯ መሬቱን በስልት መርገጥ ጀመረ፣ የስፌት መኪና እንደምትረግጥ። ባቡሩ ተንደረደረ፤ ዝቅ አለች፤ ቆጠረች፤ በግራዋ አንድ ጊዜ ብቻ መታችው። ወደቀ። ካፌው ጣሪያው ሊነሣ ደረሰ፤ ገሊላ ወንበር ላይ ወጥታ ትጮኻለች።

ማሽኑ ስም ጠየቀ። ሦስት ፊደል፣ ዐሥር ሴኮንድ። «ስምሽን! ስምሽን!» ይላል ሰው። የልደት እጅ ሳታዘው ሄደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስታበቃ ቀና ብላ አየችው። የሽመልስ ስም መጀመሪያ ነው የበራው።

ልደት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ኧረ እኔ...» አለች፣ «እጄ እኮ ሌላ ጽፎ አያውቅም።»

ሽመልስ ሠላሳ ዓመት የኖረበት ስም ሲጻፍ ገና አሁን ማየቱ ነው። ለካ እንዲህ ነበር የሚጻፈው። ዓይኑ ሞላ። ከማሽኑ ኋላ ጎንበስ አለና በታሸገው እጁ ሶኬቱን ነቀለው።

መስታወቱ ጨለመ። ነስሮ «ያ ረቢ! እንዲህ አይነቀልም!» ብሎ ጮኸ።

«አበድክ?» ልደት ትከሻውን በግራዋ መታችው፣ አጥንቱ እስኪሰማው። «ነጥቤ! ባቡሩን ጥዬ እኮ ነው!»

«ስሜ ይጥፋ ብዬ ነው።»

«ነጥቤም አብሮ ጠፋ፣ አንተ ደንቆሮ!»

«ደግመሽ ጣይዋ» አለ ሽመልስ፣ እንባውን በፋሻው እየጠረገ። እሷም ቁጣዋን ሳትጨርስ ሳቋ አመለጣት።

አው አብዱልፈታ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ቆይተው መዳፋቸውን ዘረጉላት። ሦስት ጄቶን ነው። «የመጥረጊያሽ» አሉ። «የማን እጅ እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ ነው እጀታውን የቀያየርኩት? እናትሽን ግን እኔም እፈራቸው ነበር።»

ሽመልስ ሶኬቱን መልሶ ሰካ። ማሽኑ ተንተክትኮ በራ፤ የስሞቹ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። ልደት መነጽሯን አስተካከለችና አውራ ጣቷን ቦታው ላይ አሳረፈች። ሽመልስ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ ከጎኗ መጥቶ ቆመ። ሳምንቱን ሙሉ አልረጋ ያለው እግሩ ረግቷል።

«ልደትዬ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ባቡሩን ግን እንዴት ነው የምትጥይው?»

ዓይኗን ከመስታወቱ አላነሣችም።

«እይ» አለችው።